ሐይቅ ዳር ልቤን ያዳመጥኩበት ጠዋት

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ለመፈረም ካልሆነ በቀር ትዝ አይለኝም። ፊደል ብስት፣ ነገር ባንዛዛ ይቅርታ አድርጉልኝ። የምጽፈው አዋቂ ነኝ ብዬ አይደለም፤ ሰው ፊት ቆሜ መናገር ስለማልችል ነው። መናገር ብችል ኖሮ ያን ያህል ባልታመምኩም ነበር። እኔ ያደረግሁትን ዛሬም የሚያደርግ ሰው እንዳለ ስለማውቅ፣ አንድ ሰው እንኳ አንብቦ ቢጠነቀቅ ብዬ ነው።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ሥራዬ ሹሩባ መሥራት ነው። ሥራውን የምወደው ከሰው ጀርባ ስለሚያቆመኝ ነው። ደንበኛዬ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ትቀመጣለች፣ የልቧን ታወራለች፣ እኔ “እህ” እያልኩ እጎነጉናለሁ። ማንም ዓይን ዓይኔን አያየኝም።

ሕመሙ የጀመረኝ ከጣቶቼ ነው። ቀጭን ጉንጉን ስይዝ ጸጉሩ ያመልጠኝ ጀመር። አንዲት ደንበኛዬ፣ “ምነው፣ የማንን ቤት ሰርቀሽ ነው እንዲህ የምትንቀጠቀጪው?” ብላ ሳቀችብኝ። አብሬያት ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ሁለት እጆቼን ዘርግቼ ሳያቸው ግን ዝም ብለው አይቆሙም። ቀጥሎ ልቤ መጣ። ተቀምጬ ሳለሁ ዳገት የወጣሁ ይመስል ይመታል። በማርቆስ ብርድ ሰው ሁሉ ጋቢ ተከናንቦ እኔ ያልበኛል። እበላለሁ፣ እከሳለሁ። ቀሚሴ ሁሉ ሰፋኝ።

ከሁሉ የባሰው ፍርሃቱ ነበር። የምፈራው ነገር ቢኖር ጥሩ ነበር። በር ሲንኳኳ፣ ስልክ ሲጠራ፣ ውሻ ሲጮኽ መርዶ የመጣ ይመስለኛል። ስተኛ ደግሞ ልቤ ትራስ ውስጥ ይሰማኛል፤ በግራ ጎኔ ስሆን ይብሳል፣ በቀኝ ስገለበጥ ይከተለኛል። እንዳይቆም ብዬ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። እንቅልፍ ከወሰደኝ የሚቆም ይመስለኝ ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ደም ወስደው “ታይፎይድና ታይፈስ ነው” አሉኝ። መርፌውን ጨረስኩ፣ አልተሻለኝም። ሁለተኛው ጋ ጨጓራ ሆነ። ሦስተኛው ጋ ያገኘኋቸው ሽማግሌ ባለሙያ ወረቀቶቼን ገለጥ ገለጥ አድርገው፣ “ጭንቀት ነው። አላገባሽም አይደል? አግቢ፣ ይተውሻል” አሉኝ። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሰምተው ሳቁ። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ለብዙ ጊዜ ሐኪም ቤት ደጃፍ አልደረስኩም።

እናቴ ከደምበጫ መጥታ ስታየኝ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። “ዓይንሽ እንዲህ የፈጠጠው በጤና አይደለም፤ የሰው ዓይን ነው” አለችኝ። ጸበል ወሰደችኝ። ጸበሉን አምናለሁ፣ ዛሬም አምናለሁ። ቀዝቃዛው ውሃ ሲወርድብኝ ሰውነቴ እረፍት ያገኛል፤ ልቤ ግን ሩጫውን አልተወም። ባሕር ዳር ያለችው ታላቅ እህቴ ውባለም በስልክ እናቴን “ልጅቷን ሆስፒታል ውሰጃት፣ ልትገድያት ነው?” አለቻት። እናቴ “አንቺ ሐኪም ስትሆኚ እወስዳታለሁ” ብላ ስልኩን ዘጋችው። በእኔ ምክንያት ሁለቱ ተኳረፉ። ያ ከሕመሙ እኩል አመመኝ።

በመጨረሻ እናቴ ራሷ ፈራችና ሆስፒታል ወሰደችኝ። ከንጋት ጀምሮ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን ጠበቅን። አጠገቤ የነበረች የማላውቃት ሴት ስንቀጠቀጥ አይታ፣ ምንም ሳትጠይቀኝ የፎጣዋን ግማሽ ጉልበቴ ላይ ጣል አደረገችልኝ። በርዶኝ አልነበረም፣ ግን አልመለስኩላትም።

ያየኝ ሐኪም ወጣት ነው። ወረቀቶቼን ሳይሆን አንገቴን አየ። “ውሃ ዋጪ” አለኝ። ስውጥ ጣቱን ጉሮሮዬ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ደም አስመርምሮ ውጤቱ ሲመጣ እንዲህ ብሎ አስረዳኝ፦ “እንቅርት የሚያብጥበትን ቦታ ታውቂያለሽ? እዚያ ለሰውነት ጉልበት የምታድል ትንሽ እጢ አለች። ያንቺ ብዙ አላበጠችም፤ ግን ከልኩ በላይ እየሠራች ነው። መኪናው ቆሞ ነዳጁን የሚረግጥ ሹፌር ማለት ናት።” ሁለት ዓይነት ክኒን ሰጠኝ። አንዱ እጢዋን ያዘገያል፣ አንዱ ልብን ያረጋጋል። ሁለቱም ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ የሚወሰዱ ናቸው። “በቀን ሦስት” አለኝ ደጋግሞ።

ጥቂት ሳምንታት እንደወሰድኩ እጄ ረጋ። እናቴ እግዚአብሔርን አመስግና አገሯ ገባች። ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

ስሕተቴ የተሠራው እዚህ ላይ ነው። እኔ ባደግሁበት ቤት በሁዳዴ ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ እንኳ በአፍ አይዞርም። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነው፤ ማንም አስገድዶኝ አይደለም። ክኒን ያለ ውሃ አይዋጥ፣ ውሃ ደግሞ ጾም ያስገድፋል። ሐኪሙን ልጠይቀው አስቤ አፈርኩ። ስለ ጾም ለሐኪም ይወራል? የንስሐ አባቴንም ስለ ክኒን መጠየቅ አሳፈረኝ። በራሴ ሒሳብ አሰብኩ፦ በቀን ሦስት ነው የተባልኩት። የጠዋቱን፣ የቀኑንና የማታውን አንድ ላይ በመዳፌ ይዤ፣ ከቅዳሴ ስመለስ ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር እውጣለሁ። ቁጥሩ አልጎደለም። እንዲያውም ጾሙንም መድኃኒቱንም ሳላጎድል የያዝኩ ጎበዝ መስሎኝ ነበር።

ከዋጥኩ በኋላ ምድር ይዞርብኛል፣ ጉልበቴ ይከዳኛል፣ ዓይኔ ይጨልማል። ሲነጋ ደግሞ ያ ሁሉ ሩጫ ተመልሶ ይመጣል። ለቀጠሮዬ ስመለስ ሐኪሙ ልቤን አዳምጦ ግራ ገባው።

“መድኃኒቱን በደንብ ትወስጃለሽ?”

“አዎ።”

“ሳታቋርጪ?”

“አላቋርጥም።”

አልዋሸሁም። መጠኑን ጨመረልኝ፤ እኔም የተጨመረውን እንዲሁ ባንድ ላይ ዋጥኩት። ባሰብኝ። በመጨረሻ፣ “በክኒን የማትገራ ከሆነ እጢዋን በቀዶ ጥገና ማውጣት ሊያስፈልግ ነው። ግን ልብሽ እንዲህ እየሮጠ ማደንዘዣ አይሰጥሽም፤ አደጋ አለው” ብሎ ወደ ባሕር ዳር ላከኝ። ሳይረጋ አይቀደድም፣ ሳይቀደድ አይረጋም። ሁለቱም በር ተዘጋ ማለት ነው ብዬ ተረዳሁ። በአውቶቡሱ መስኮት ደምበጫ ስታልፍ እናቴን የማያት ዳግመኛ አልመሰለኝም።

እህቴ ውባለም ጣና ዳር ባለ አንድ ሎጅ ልብስ ታጥባለች። የሆስፒታሉ ቀጠሮ እስኪደርስ እሷ ዘንድ አረፍኩ። ሥራ ስትሄድ ብቻዬን ግድግዳ እያየሁ አለቅሳለሁ። አንድ ቀን ስትገባ ዓይኔን አይታ፣

“ነገ ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ” አለችኝ። “ሊያ የምትባል ልጅ ሐይቁ ዳር ጠዋት ጠዋት ጥቂት ሰዎች ሰብስባ ዮጋ ታሠራለች። ነግሬያታለሁ፣ ትምጣ ብላለች።”

“ዮጋ ምንድነው?”

“ሰውነት ማፍታታት ነው፤ ቀስ ብሎ መተንፈስ። ሲጨርሱ ፊታቸው ጠግቦ የተኛ ሕፃን ይመስላል። ጭንቀት ነው ብለውሽ የለ?”

“ኋላ እኮ እጢ ነው ብለዋል።”

“እጢስ አትጨነቅም?” አለችኝ።

“የሌላ እምነት ጸሎት እንዳይሆን።”

“ስፖርት ነው። ካልሆነልሽ በስመ አብ ብለሽ ጀምሪ፣ ማን ይከለክልሻል?”

በማግስቱ ረጅም ቀሚሴን ከሱሪ ላይ ደርቤ ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ። ከሎጁ ሣር በታች ጠባብ አሸዋ አለ፤ ውሃው እዚያ ድረስ መጥቶ ይመለሳል። ምንጣፍ ተነጥፏል። ሊያ ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ልጅ ናት። ከአዲስ አበባ ለእረፍት የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ። ጨርቅ ነጋዴዋ እትዬ ሰዓዳ ነበሩ፤ ሻሻቸውን ጥብቅ አድርገው አስረው ከፊት ተቀምጠዋል። ጡረታ የወጡት የከባድ መኪና ሾፌር ጋሽ ሞላ ደግሞ ከኋላ። ጋሽ ሞላ ቆሜ ስቀር አይተው፣

“ነይ ልጄ፣ ከእኔ አጠገብ ሁኚ” አሉኝ። “ከእኔ የባሰ የሚሠራ የለም፤ አታፍሪም።”

“እውነታቸውን ነው” አሉ እትዬ ሰዓዳ ዞር ሳይሉ። “ትናንት ተንበርክከው እንደቀሩ ሁለት ሆነን ነው ያነሣናቸው።”

“ፍሬን ይዞብኝ ነው” አሉ ጋሽ ሞላ።

እጅ ወደ ላይ፣ ወገብ ወደ ጎን፣ ትንፋሽ ወደ ውስጥ፣ ትንፋሽ ወደ ውጭ። ከደንበኛ ጀርባ የምቆም ሴት፣ እዚያም ከሰው ሁሉ ጀርባ ሆኜ እሠራ ነበር። ትንሽ ደስ አለኝ። የማልወደው መጨረሻውን ብቻ ነበር። ሊያ በጀርባችን አስተኝታ ዓይናችንን ታስጨፍነናለች። እናቴ ስታሳድገን ውሃ ዳር ዓይን ጨፍኖ መተኛት ለጋኔን ራስን ማቀበል ነው ትል ነበር። ስለዚህ ሌሎቹ ሲጨፍኑ እኔ በሽፋሽፍቴ ሥር ሰማዩን አያለሁ።

ጥቂት ጠዋቶች እንዲህ አለፉ። አንድ ቀን ግን ሊያ ከበላዬ ቆማ፣ “ዛሬ አንቺም ጨፍኚ፣ ምንም አይነካሽም” አለችኝ። እንቢ ማለት አልችልምና ጨፈንኩ።

“አሁን የልባችሁን ምት አዳምጡ” አለች ለሁላችንም።

አዳመጥኩ። ጉሮሮዬ ውስጥ፣ ጆሮዬ ውስጥ፣ ከጀርባዬ በታች ያለው አሸዋ ውስጥ ሳይቀር ይመታል። ቶሎ ቶሎ መታ፣ ቀጥሎ አንድ ዘለለ። ጉንጉን ስሠራ አንድ ዘለላ ከተዘለለ ጣቴ ሳላይ ያውቀዋል፤ መዘለሉ እንደዚያ ታወቀኝ። ጠበቅሁ። ተመልሶ መጣ፣ ተደራረበ፣ ደግሞ ቀረ። ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ መሰለኝ፤ አየር አጣሁ። ልሞት ነው ብዬ አሰብኩ። ሁሉም ጸጥ ብለው ተኝተው ስለነበር ግን ድምፅ ማሰማት አፈርኩ። እየሞትኩ እንኳ ሰው እንዳልረብሽ እጠነቀቅ ነበር።

ቀስ ብዬ ተነሣሁ፤ ወደ እህቴ ልሄድ ነው ያሰብኩት። ሁለት እርምጃ ሳልሄድ እግሬ ከዳኝ። ስወድቅ ግማሽ ፊቴ ውሃው ውስጥ ገባ። የእናቴ ቃል ትዝ አለኝ፤ ጋኔኑ መጣብኝ፣ ወሰደኝ አልኩ። የያዘኝ እጅ ግን የእትዬ ሰዓዳ ነበር። በብብቴ ገብተው ጎትተው አወጡኝ።

“ሊያ፣ ባጃጅ ጥሪ! ጋሽ ሞላ፣ እህቷን!” አሉ።

ባጃጁ ውስጥ ራሴ የውባለም ጭን ላይ ነው። እህቴ “ጥሩዬ፣ ጥሩዬ” ከማለት ሌላ ቃል አልነበራትም። እትዬ ሰዓዳ የእጄን ደም ሥር ይዘው ያዳምጣሉ።

“ምን መድኃኒት አለሽ? ዛሬ ጠዋት ወስደሻል?” አሉኝ።

“ጾም ነው” አልኳቸው።

“ጾም መሆኑንማ አውቃለሁ። መቼ ትወስጃለሽ ታዲያ?”

“ከቅዳሴ በኋላ።”

“የትኛውን?”

“ሁሉንም።”

እጄን ሳይለቁ ነጠላዬን አስተካከሉልኝ። ከዚያ፣ “እኔ ስኳር አለብኝ” አሉኝ። “ረመዳን ሊገባ ሲል ሐኪሜ ዘንድ ሄጄ የቱን ሲነጋ፣ የቱን ሲመሽ ብዬ ሳልጠይቅ አንዲት ክኒን አልነካም። ‘አይሆንሽም፣ ዘንድሮ አትጾሚም’ ያለኝም ጊዜ ነበር፤ አልቅሼ ተቀበልኩ። አንቺ ማንን ጠየቅሽ?”

“ማንንም።”

“ለዶክተሩ ትነግሪዋለሽ።”

“እርስዎ ይንገሩልኝ።”

“እኔ አልነግርልሽም። ጾሙም ያንቺ፣ ልቡም ያንቺ።”

ድንገተኛ ክፍል ደረቴ ላይ ሽቦ ለጠፉ፣ ክንዴ ላይ መርፌ ተከሉ። መጋረጃው ወዲያ ማዶ አንድ ሰው ያቃስታል። የሐኪሟ ፊት ወረቀቱን ስታይ ጠቆር ሲል አየሁት። “ልብሽ ምቱን ስቷል። እንዲህ ከቆየ ደም ውስጡ ይረጋና ጭንቅላት ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል” አለች። ወረቀቶቼን አገላበጠች።

“መጠኑ ከፍተኛ ነው፤ እንዴት አልሠራም? በትክክል ትወስጃለሽ?”

“አዎ” አልኩ። አፌ ለምዶታል።

እትዬ ሰዓዳ ከአልጋዬ ግርጌ ቆመው ነበር። ሐኪሟን አላዩም፣ እኔን ብቻ ያዩኛል። አሸዋው እግራቸው ላይ ደርቋል። ሐኪሟ ልትሄድ ዞረች። ይህች ሴት ከሄደች የምሞት መሆኔ ያን ጊዜ ገባኝ። በበሽታው አይደለም፤ በዚህች “አዎ” በምትባል ቃል።

“ዶክተር” አልኩ። አልሰማችኝም። ደግሜ ጠራኋት። “ባንድ ላይ ነው የምውጠው። ሦስቱንም። ስለ ጾሙ።”

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

“ስትውጪው ያዞርሻል?”

“አዎ።”

“ጠዋት ጠዋት ይብስሻል?”

“አዎ።”

“ክኒኑ እኮ ተሰብስቦ ከገባ ተሰብስቦ ይወጣል” አለችኝ በለሰለሰ ድምፅ። “ስትውጪው ይበዛብሻል፣ ሌሊቱንና ጠዋቱን ደግሞ ባዶሽን ትቀሪያለሽ። እኛ መድኃኒቱ እንቢ ያለ መስሎን ነበር። እንኳን ነገርሽኝ። ይህን ሳላውቅ መጠኑን ልጨምርልሽ ነበር።”

አንድ ነገር ቀረ። ያለ ንስሐ አባቴ ፈቃድ ጾሜን እንዴት ብዬ እገድፋለሁ? ውባለም ደብረ ማርቆስ ደወለችና ስልኩን ጆሮዬ ላይ ያዘችልኝ። ነገሩን እያለቀስኩ ነገርኳቸው።

“ልጄ” አሉኝ፣ “ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን ጹም አትልም። መድኃኒትሽን በሰዓቱ ውሰጂ። ሲነጋ ውሰጂ ካሉሽ ሲነጋ፣ ከምግብ ጋር ካሉሽም በልተሽ። ስትድኚ ትጾሚያለሽ። ለምን ቀድመሽ አልጠየቅሽኝም?”

“አፍሬ ነው፣ አባቴ።”

ዝም አሉ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ “እግዚአብሔር ይማርሽ” ብለው ዘጉት።

ማታ ነርሷ የክኒኑን ድርሻ አመጣችልኝ፤ ከለመድኩት በጣም ያነሰ ነው። ይህች ምን ታደርጋለች ብዬ ፈራሁ። ሲነጋ ደግሞ ሌላ አመጣች። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሁዳዴ ጠዋት ውሃ ጠጣሁ፤ በስመ አብ ብዬ ጠጣሁት፣ መብረቅ አልወረደም። ልቤ ወዲያው አልረጋም። ብዙ ቀን ተኛሁ፤ መሣሪያው ጢጥ ባለ ቁጥር እደነግጥ ነበር። እናቴ መጣች። ውባለምን ስታይ ምንም ሳትናገር የያዘችውን በሶ አቀበለቻት፣ እሷም ተቀበለች፤ ታረቁ። እትዬ ሰዓዳ ሱቃቸውን ሲዘጉ ብቅ እያሉ የጋሽ ሞላ ጉልበት ዛሬ ደግሞ እንዴት እንደያዛቸው ያወሩልኛል። ሊያ አንድ ቀን መጥታ፣ በሽታ እንዳለብኝ ሳትጠይቅ በማሠራቷ አለቀሰች። እኔም አልነገርኳትም ነበር። ዮጋው ጠላቴ አልነበረም። ልብሽን አዳምጪ ባትለኝ ኖሮ ያን ጠዋት ተኝቼ በቀረሁ ነበር። ነገር ግን የልብ ወይም የእጢ ሕመም ያለበት ሰው እንዲህ ያለ ነገር ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙም ለሚያሠራውም ሰው ይንገር እላለሁ።

በወራት ውስጥ እጢዋ ተገራች። ቀዶ ጥገናው ለጊዜው አያስፈልግም ተባልኩ። ዓይኔ ወደ ቦታው እየገባ ነው፣ ጣቶቼ ቀጭኑን ጉንጉን ይይዛሉ። ፍርሃቱ ግን ጨርሶ አልሄደም። ዛሬም አንዳንዴ ስተኛ እጄ ሳላዘው አንገቴ ላይ ይወጣል።

ማርቆስ እንደተመለስኩ የንስሐ አባቴን ላመሰግናቸው ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቅዳሴ ገብተው መዋላቸው ነው፤ ፊታቸው ገርጥቷል፣ ግንባራቸውን በሁለት ጣት ይዘዋል። መስቀል ተሳለምኩ።

“አመመዎት እንዴ፣ አባቴ?”

“ደም ግፊት ነው፣ ልማዴ ነው” አሉኝ።

“መድኃኒት የለዎትም?”

“አለኝ እንጂ። ጠዋትና ማታ ነው ያሉኝ።” ከኪሳቸው የክኒን ብልቃጥ አውጥተው መዳፋቸው ላይ አገላበጡት። “ቀዳሽ ደግሞ ጠዋት ምን ይቀምሳል? ማታ ሁለቱንም ባንዴ እውጣቸዋለሁ።”

ዓይኔን ብልቃጡ ላይ ተከልኩ። እሳቸውም አላዩኝም፤ መሬት መሬት ያያሉ።

“በስልክ ስትነግሪኝ ነው የደነገጥኩት” አሉኝ። “ለሐኪሙ ምን ብዬ እነግረዋለሁ እያልኩ ይኸው እስከ ዛሬ ቆየሁ። እስቲ ያንቺ ሐኪም ዘንድ ይዘሽኝ ሂጂ። አንቺ ንገሪልኝ፣ ልጄ፤ እኔ አፍራለሁ።”